ለእኔ የተላኩ ሽማግሌዎች

የዚያን እሑድ ጠዋት ካዛንቺስ ባለው ግቢያችን ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ትንሿ ልጄ፣ ሰርቪስ ቤቱን የተከራየችው ኡጋንዳዊት ተማሪ፣ ፊት ለፊታችን የሚኖሩት ጡረተኛ መምህር፣ የዕድራችን ሰብሳቢ እትዬ እና የማዕዘኑ ባለ ሱቅ ሐጂ ነን። ትልቁ ልጄ አልነበረም። እሱ ኦማን ነው። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ አልደወለም፤ ስንደውልለትም ስልኩ አይነሳም።

ተማሪዋ መልኳ የእኛ ስለሆነ ሰው ሁሉ በአማርኛ ያጣድፋታል። የታክሲ ረዳት «እህት፣ ጠጋ በይ እንጂ!» ሲላት ዝም ትላለች፤ እሱ ደግሞ «ምን ያኮራሻል?» ይላታል። መጀመሪያ የቻለችው አማርኛ «ወራጅ አለ» ነው። የግቢያችንን በር ስታንኳኳ ሳይቀር «ወራጅ አለ!» ትላለች። ልጄ ከውስጥ «ሒሳብ!» ብላ ትከፍትላታለች።

ትምህርቷ ሰንጋ ተራ ነው፤ ማታ ነው የሚለቋት። እኔ ሲመሽ አያስችለኝም። አስፋልቱ ዳር ወጥቼ እስክትመጣ እቆማለሁ፤ ከዘነበም ጃንጥላ ይዤ። ጠዋት መስቀል አደባባይ ልሩጥ ስትል ልጄን አስከትላታለሁ። ልጄ ሩጫ ስለማትወድ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትጠብቃታለች። የሩቁን ልጅ መጠበቅ ባልችል የቅርቧን ልጠብቅ ብዬ ነው።

አንድ ቀን ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ልትገባ እንደሆነ ነገረችኝ። «አይሆንም» አልኳት። ተከራይ መሆኗን ረስቼዋለሁ። ተኮራረፍን። ራቷን በልጄ እጅ እልክላታለሁ፤ እሷም ሳህኑን አጥባ በልጄ እጅ ትመልሳለች።

ትንሿ ልጄ ነች ነገሩን ያመጣችው። «እማዬ እንዲህ በዋዛ እሺ አትልም፤ በቃ ሽማግሌ ላኪባት» ብላ ቀለደችባት። ተማሪዋ ግን ጥር ላይ የጎረቤታችንን ልጅ ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ሲገቡ በዓይኗ አይታለች። እዚህ አገር ትልቅ ነገር የሚለመነው እንደዚያ ነው ብላ አመነች። ቤት ለቤት ዞራ ሦስቱን፣ መምህሩን፣ እትዬንና ሐጂን ለመነቻቸው።

እኔ ይህን አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ነጠላዬን ሳነሳ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሦስቱም ተሰልፈው ቆመዋል። አንዳቸውም ፈገግ አላሉም። በእኛ ዘንድ የሞት ወሬ በስልክ አይነገርም፤ ጎረቤት ተሰባስቦ በማለዳ ይመጣል እንጂ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ መምህሩ። «አንቺ ግን ቁጭ በይ።»

ቁጭ በይ ሲሉኝ በረንዳው ላይ ዘፍ አልኩ።

«ልጄን ምን አገኘብኝ? ተናገሩ!»

ሐጂ ክው አሉ። «የቱ ልጅ? ኧረ በአላህ! እኛ ለኪራይ ነገር ነው የመጣነው!»

«አይ አንቺ፣ ሽማግሌ ሆነን እኮ ነው!» አሉ እትዬ፣ እየደገፉኝ። «ይህች ልጅ ሰንጋ ተራ ልግባ፣ ይፍቀዱልኝ ብላ ልካን ነው።» ወደ መምህሩም ዞረው «ሳቅ ብለን እንግባ አላልኩም?» አሏቸው።

«ሽማግሌ ሲስቅ የት ታውቂያለሽ?» አሉ መምህሩ።

ተማሪዋ ከሰርቪስ ቤቱ ሮጣ ወጥታ ፊቴ ተንበረከከች። በአገሯ ሴት ልጅ ትልቅ ሰው ፊት እንደዚያ እንደምታደርግ ኋላ ነው የነገረችኝ።

«እማማ፣ ላስደነግጥዎት አይደለም» አለች እያለቀሰች። «ማታ ማታ አስፋልት ላይ ብቻዎን ይቆማሉ፤ ብርድ አለ። እዚያ ከገባሁ አይቆሙም ብዬ ነው።»

ለእሷ ስፈራ እሷ ለእኔ ትፈራ ኖሯል። ሽማግሌዎቹ አሁንም ቆመዋል።

«ፈቅጃለሁ» አልኩ። «ግን ማታ ስትገባ ትደውልልኛለች።»

ይህን ጊዜ ተቀመጡ። ሐጂ «ጥሎሹስ?» ሲሉ ልጄ በሳቅ ሞተች፤ እኔም እንባዬን ሳልጠርግ ሳቅሁ።

አሁን ሰንጋ ተራ ነው የምትኖረው። ማታ ስልኬ ይጮኻል፤ «ወራጅ አለ» ትለኛለች። ገብታለች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ስልኩን ቶሎ ከእጄ አላስቀምጠውም፤ ሌላ የሚደውል አለኝና።

ፋሲካም አለፈ፤ ልጄ አልደወለም። ሙስካት መኪና እጥበት ቤት ነው የሚሠራው። ረዘም ያለ ነው፤ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፤ ከመሄዱ በፊት እዚሁ አዲስ አበባ ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ ይሠራ ነበር። ሙስካት ያላችሁ፣ ያያችሁት እንደሆነ እናትህ ትጠይቅሃለች በሉት፤ ያለበትንም ለእኔ ንገሩኝ። በስልክ ይሁን እንጂ በማለዳ ተሰብስባችሁ በሬ ላይ አትቁሙብኝ።