በእህቴ ደም ማነስ ጉዳይ እስከ ቴፒ

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ቴፒ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። እዚያ ሐኪሞች ተሰብስበው ስለ ወባ፣ ስለ ሳንባ ምችና ስለ ደም ማነስ የተሠሩ ጥናቶችን እያነጻጸሩ ለጤና ጣቢያዎች የሕክምና መመሪያ ያዘጋጃሉ። ከመንደር ሴቶችም አንዷ ትገኝ ተብሎ፣ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አስቴር እኔን መረጠች።

"ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው እዚያ ምን እላለሁ?" አልኳት።

"የምታውቂውን።"

የራሴም ጉዳይ ነበረኝ። እህቴ ታደለች የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ደም አንሷታል ተብላ ሁለት ወር ሙሉ የአይረን ኪኒን ብትወስድም ደሟ አልጨመረም። በዚህ የደም መጠን መውለድ ያሰጋል ብለዋታል። "ጠይቂልኝ እሺ? መሬት መሬት እያየሽ እንዳትመለሺ!" ብላ በር ድረስ ሸኘችኝ።

ሁለት ሰዓት፣ ሚዛን መነኸሪያ

አምስት ሙዝ በሃያ ብር ገዝቼ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ከሸኮ በኋላ መንገዱ በጫካው ውስጥ ይጠማዘዛል፤ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ቡናው ቀልቷል። ዓይኔን ከመስኮቱ መንቀል አቃተኝ። አጠገቤ ጎደሬ በጆንያ የያዙ እናት የክት ቀሚሴን አዩና፣

"ልጄ፣ የማን ሠርግ ነው?" አሉኝ።

"ስብሰባ ነው፣ እማማ።"

"ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሻል? መንገዱ ነው?"

"መንገዱም፣ እኔም" ስል መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

አምስት ሰዓት፣ ቴፒ

አዳራሹ ሞቃት ነው። ጥናቶቹ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ይበራሉ፤ ሐኪሞቹ የትኛው በደንብ እንደተሠራ፣ የትኛው እንደማይታመን ይከራከራሉ። ሐኪምም እንዲህ ይጠራጠራል ለካ! ደስ አለኝ።

የደም ማነስ ተራ ሲደርስ አንዱ ሐኪም፣ "ኪኒኑ እየተሰጣቸው የማይሻላቸው ስለማይውጡት ነው፤ ቤት ወስደው ያስቀምጡታል" አለ።

ፊቴ ጋለ። ለታደለች ኪኒኑን በየቀኑ የምሰጣት እኔ ነኝ። እጄ በራሱ ጊዜ ወጣ።

"እህቴ ትውጣለች። አንድም ቀን አልዘለለችም።"

ሰብሳቢው ዶክተር ወደ እኔ ዞሩ። "እህትሽ በምን ነው የምትውጠው?"

"በጨሞ።"

"ጨሞ ምንድን ነው?"

"የቡና ቅጠል ነው፤ ከቃሪያና ከዝንጅብል ጋር ይፈላል። በቡናና በሻይ አትውሰዱ ስላላችሁን ቡናውን ትተናል።"

ከኋላ የተቀመጠች የቤንች ተወላጅ ነርስ ራሷን ያዘች። "ወይኔ! እኔም ቤት እኮ እንዲሁ ነው! ስንት ዓመት ሳስተምር በምን እንደሚውጡት አንድም ቀን አልጠየቅኩም።"

አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ዶክተሩ፣ "ስለ ቅጠሉ በቂ ጥናት እጃችን ላይ የለም" አሉ። "ግን እንደ ሻይ አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ሊይዘው ይችላል። እስኪጠና ድረስ ኪኒኑ በውሃ ይወሰድ፤ ጨሞው ከሁለት ሰዓት በኋላ። ወባና የሆድ ትላትልም ትመርመር።" ወዲያው ረቂቁ ላይ ጻፉት። የኔ ቃል ግድግዳው ላይ በራ!

ረቡዕ፣ ቤት

ታደለች ኪኒኑን በውሃ ውጣ ፊቷን አጨማደደች። "ይሄ ደግሞ ምን ጣዕም አለው!"

"የምታስፈልጊን አንቺ ነሽ፣ ጣዕሙ አይደለም" አልኳት። ከእኔ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቀችም።

ጥናቱን የሚያነቡት ሐኪሞቹ ናቸው፤ ኪኒኑ በየቤቱ በምን እንደሚዋጥ የምናውቀው ግን እኛ ነን። ዝም ካልን ማንም አይጽፈውም። ደሟ በወሩ መጨረሻ ጤና ጣቢያ ይለካል። አብሬያት እገባለሁ፤ ካልጨመረም፣ ለምን ብዬ እጠይቃለሁ።