ሬሕማና የሪያዱ መጭመቂያ

ሬሕማ የወሎ ልጅ ናት፤ ከኮምቦልቻ ወረድ ብሎ ካለ መንደር። ካርቱም የገባችው በፈረንጆች ዘጠና ስድስት ሲሆን የሁለት ዓመት ልጇን አብራርን ለእናቷ ትታ ነው የመጣችው። ሰባት ዓመት ካፉሪ በሚባል ሰፈር በአንድ ሀብታም ቤት ስታጥብና ስትተኩስ ኖራ፣ እዚያው ካርቱም ሪያድ የሚባል ሰፈር ወዳለው ድርጅት መጣች። እኔ ተድላ እባላለሁ። የድርጅቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበርኩ። ስለ ሰው መጻፍ አልወድም፤ ስለ ማሽን ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ደግነቱ የሷ ታሪክ ግማሹ የማሽን ነው።

ድርጅቱ ሦስት ነገር ነበር፦ ምድር ቤቱ ሱፐርማርኬትና ዳቦ መጋገሪያ፣ ፎቁ ምግብ ቤት፣ ከጎኑ ደግሞ የእንግዳ ማረፊያ። ባለቤቱ ኡስታዝ ጂብሪል የሚባል ሱዳናዊ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገርም፤ ሰው በሌለበት ክፍል አንድ መብራት በርቶ ካየ ግን ምሳው አይወርድለትም። የሦስቱም ቤት ቆሻሻ ከኋላ ግቢ በተደረደሩ የብረት ገንዳዎች ውስጥ ይጣል ነበር። የቆሻሻ መኪናው በየቀኑ መምጣት አለበት፤ አይመጣም። በካርቱም ሙቀት ሁለት ቀን ያደረ የምግብ ትርፍ ምን እንደሚሆን ለመናገር አልፈልግም። ድመቱ፣ ቁራው፣ ዝንቡ አንድ ላይ ይሰፍራል። ነፋሱ ወደ ምግብ ቤቱ ሲዞር ደንበኛው ሳህኑን ገፋ አድርጎ ሒሳብ ይጠይቃል።

በሁለት ሺ ሦስት ጂብሪል ከዱባይ መጭመቂያ አስመጣ። ሱዳኖቹ ሠራተኞች ‹መክበስ› ይሉታል። ሰው የቆሻሻ መጭመቂያ ሲባል ቆሻሻ የሚያጠፋ ይመስለዋል። አያጠፋም። በአንድ በኩል አፍ አለው፤ ቆሻሻው በዚያ ይገባል። ከኋላ ያለው የብረት ግድግዳ በዘይት ግፊት ወደ ፊት ይሄድና ቆሻሻውን ከተዘጋ ሣጥን ውስጥ አጭቆ ይመለሳል። ክብደቱ ያው ነው፤ የሚቀንሰው ቦታው ነው። ካርቶን፣ ቆርቆሮ፣ የውሃ ጠርሙስ አብዛኛው ሆዱ አየር ነው፤ አየሩ ሲወጣለት አምስት ገንዳ የሞላው አንዱን ይሞላል። በየቀኑ እንለምነው የነበረው መኪና በሳምንት ሁለት ጊዜ ሆነ። ሣጥኑ የተዘጋ ስለሆነ ድመቱ ተስፋ ቆርጦ ሄደ። ገንዳዎቹ የቆሙበት ቦታ ተጠረገና የደንበኞች መኪና ማቆሚያ ሆነ። ጂብሪል ያን ሰሞን ሁለት ጊዜ ፈገግ ሲል አይቼዋለሁ።

ችግሩ የሚያሠራው ሰው ነበር። ወንዶቹ ቆሻሻ አጠገብ መቆም ውርደት መሰላቸው። አንዱ ባዶ ጋዝ ሲሊንደር ሊከትበት ሲል ደረስኩበት፤ ያ ቢጨመቅ ሁላችንም ወሬ ሆነን ቀርተን ነበር። ሌላው ጠርሙስ በጆንያ ሙሉ አስገብቶ ፍንጣሪው በበሩ ላስቲክ መሐል ሲወጣ እጁን ቆረጠው። በዚህ መሐል ወለል ትወለውል የነበረችው ሬሕማ መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ መጣችና፣ «ጋሼ ተድላ፣ ለኔ ያሳዩኝ» አለች።

አሳየኋት። አረንጓዴው ማስነሻ፣ ቀዩ ማቆሚያ፣ ቁልፉ ሁልጊዜ ከአንገትሽ እንዳይለይ።

«ሲጨምቅ ሰው ቢገባበትስ?» አለች።

«በሩ ካልተዘጋ አይነሣም።»

«ማን አለ?»

«ማሽኑን የሠሩት ሰዎች።»

አላመነችም። ከአትክልት ቤት አንድ የተበላሸ ሐብሐብ አመጣችና አስገብታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ አረንጓዴውን ተጫነች። አልተነሣም። ዘጋችና ተጫነች። ስትከፍተው ሐብሐቡ የት እንደገባ ለማየት ሁለታችንም አጎነበስን። ከዚያ በኋላ ስለ ማሽኑ የምነግራትን ሁሉ አመነች። ስንት ወታደር ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ እንደሷ ያለ ተማሪ ግን አልገጠመኝም።

ካርቶኑን ለብቻ አድርጋ ማሰር ጀመረች፤ ወረቀት የሚገዛ ሰው በየሳምንቱ እየመጣ ወሰደው። የምግብ ቤቱን ትርፍ ውሃውን አንጠፍጥፋ ነው የምታስገባው፣ እርጥብ ነገር ሲጨመቅ ስለሚያንጠባጥብ። ጂብሪል ይህን ሁሉ ከመስኮቱ ያይ ነበር። በሁለት ሺ አራት መገባደጃ ቢሮ ጠርቶ፣ «እስከ አረፋ መክበሱን ሳይቆም ካደረስሽው ኢቃማሽን በድርጅቱ ስም አወጣልሻለሁ» አላት።

ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። የሬሕማ ፈቃድ በካፉሪዋ እመቤት ስም ወጥቶ፣ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ያለ ኢቃማ ከሱዳን መውጣት ይቻላል፤ መመለስ ግን አይቻልም። አገሯ ቀርታ ደግሞ የእናቷንና የልጇን ጉሮሮ ማን ይደፍናል? ኢቃማ ካገኘች ሄዳ አብራርን አይታ፣ ወር ተቀምጣ፣ ተመልሳ ሥራዋ ላይ ትገኛለች። ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላት ነው። አርብ አርብ አያቷ ኮምቦልቻ ስልክ ቤት ይዛት ትመጣለች፤ ሬሕማም ሳጃና ሰፈር ካለ የስልክ ሱቅ ትደውላለች። «መቼ ነው የምትመጪው?» ትላለች ልጅቷ። «አረፋን እንለፍና፣ ኢንሻላህ» ትላለች እናት።

አሁን ወደ ዳቦው እመጣለሁ። ወሎም ሆነ ሱዳን እህል አይረገጥም። መንገድ ላይ የወደቀ ዳቦ ያየ ሰው አንሥቶ፣ ስሞ፣ ግንብ ላይ ያኖረዋል። ሱዳኖቹ ‹ኒዕማ› ይሉታል፤ ጸጋ ማለት ነው። የኛ መጋገሪያ ሳይሸጥ የሚያድር ዳቦ አያጣም። ሬሕማ መጀመሪያ በከረጢት እያደረገች አጥር ላይ ታንጠለጥለው ነበር፤ የሚፈልግ ሰው ይወስዳል፣ የተረፈውን ፍየል ይበላዋል። ብዙም ሳይቆይ የሪያድ ፍየል ሁሉ በራችንን የምግብ ቤቱ ወረፋ አስመሰለው። የጽዳት ተቆጣጣሪ መጥቶ ወረቀት ለጠፈብን። ጂብሪልም እያፈረ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «ዳቦውም ወደ መክበስ ይግባ» አለ።

ሬሕማ ትእዛዝ አትጥስም፤ ጸጋን ከዓሣ አንጀት ጋር መጨፍለቅ ደግሞ አትችልም። አንድ መላ አገኘች። የዳቦውን ተራ መጨረሻ አደረገችው። ሌላው ቆሻሻ ሁሉ ከተጨመቀ በኋላ የማሽኑን አፍ ትጠርጋለች፣ በጨርቅ ትወለውላለች፣ ንጹሕ ካርቶን ታነጥፋለች፣ ዳቦውን ትደረድራለች፣ ካርቶን ታለብሳለች። ከዚያ «ቢስሚላህ» ብላ አረንጓዴውን ትጫናለች። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ያስቀኛል። «ለዳቦ ሶላት ልታሰግጂለት ነው?» እላታለሁ። «እርስዎ ይሳቁ» ትለኛለች።

አረፋ አራት ቀን ሲቀረው መጋገሪያው ከልክ በላይ ጋገረ፣ ዳቦው ተረፈ። የዚያን ቀን ምግብ ቤቱ ዓሣ ያዘጋጀበት ቀን ነበር፤ የማሽኑ አፍ በጨርቅ የሚለቅ አልሆነም። ሬሕማ የአትክልት ማጠጫውን የውሃ ጎማ ስባ አጠበችው። በደንብ አጠበችው፤ ከውስጥም ከውጭም። ዳቦውን ደርድራ አረንጓዴውን ስትጫን ጧ አለ፣ ጭስ ወጣ፣ መክበሱ ቀጥ አለ።

ተጠርቼ የመቆጣጠሪያውን ሣጥን ስከፍተው ውስጡ ውሃ አቁሯል። ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ ጽፌ ሰርዤዋለሁ፤ አሁን ይቆይ፦ ያ ሣጥን የዝናብም ሆነ የጎማ ውሃ እንዳያስገባ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሽፋኑ አራት ብሎንና ዙሪያውን የሚይዝ ላስቲክ አለው። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ዕቃ ልቀይርበት ፈትቼው ነበር። በመሐል መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተር ላስነሣ ስሮጥ በሁለት ብሎን ብቻ፣ ያለ ላስቲኩ ገጠምኩት። ነገ እጨርሰዋለሁ አልኩ። ሐበሻ ‹ነገ› ካለ መዝጊያው ክፍት ነው።

መለዋወጫ ከዱባይ እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። የአረፋ ሰሞን ነው፤ ቆሻሻው የመኪና ማቆሚያውን ሞላው፣ ድመቱ ተመለሰ፣ ምግብ ቤቱ ባዶውን ዋለ። ጂብሪል ሁለታችንንም ቢሮ ጠራን።

«ምን ሆኖ ነው የቆመው?» አለ፣ እኔን እያየ።

ፈራሁ። እኔ የድሮው ጦር ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ መንግሥት ሲለወጥ በመተማ በኩል የተሻገርኩ። አገር ቤት ስሜ የተጻፈበት መዝገብ አለ ብዬ አምናለሁ። የሥራ መታወቂያ የሌለውን ሐበሻ ደግሞ ፖሊስ ከመንገድ አፍሶ ይወስዳል፤ ከሻ ይሉታል። ከሻ የያዘው ድንበር ነው የሚራገፈው። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ አለፈብኝ።

«እኔ ነኝ፣ ኡስታዝ» አለች ሬሕማ። «ውሃ ደፋሁበት።»

ጂብሪል ወደኔ ዞረ። «ውሃ ነው?»

«ውሃ ነው» አልኩ። ውሸት አልነበረም። ከውሸት የባሰ ነበር።

ኢቃማው አልተፈረመም። ሬሕማ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ካፉሪ ወደ ድሮ እመቤቷ ተመለሰች። በቦታዋ አንድ ወፍራም ሰውዬ ተቀጠረ። ይህ ሰው እኔ እስካየሁት ድረስ አንድ ጥሩ ጸባይ አለው፤ ማሽኑን በየቀኑ በጎማ ያጥባል። አሁን ሽፋኑ በአራት ብሎንና በላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ተዘግቷል፤ ጠብታ አይገባም። በየቀኑ ውሃው ሣጥኑ ላይ ሲወርድ እሰማለሁ፣ በየቀኑ ማሽኑ ይነሣል። ስምንት ወር ይህን ሰማሁ። እንቅልፍ አጣሁ ብል ማጋነን ነው፤ እህል ግን አልጣፍጥ አለኝ።

በመጨረሻ አንድ አርብ ካፉሪ ሄድኩ። ሬሕማ የቪላው በር ላይ ወጣች፤ እጇ ላይ ሳሙና ነበር።

«ያን ጊዜ ማሽኑን ያቆመው የኔ ጥፋት ነው» አልኳት። «ሽፋኑን በቅጡ አልዘጋሁትም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ከማጠቤ በፊት ስወለውለው ከእጄ ጋር ተነቃነቀ። ጋሼ ተድላ ያጠብቁታል ብዬ ተውኩት። እኔም እዚያ ላይ ውሃ መልቀቅ አልነበረብኝም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ቢሮ ውስጥ ፊትዎን አየሁዋ። እርስዎን ቢያባርሩ በሁለተኛው ቀን ከሻ ያገኝዎታል። እኔን ቢመልሱኝ ልጄ ዘንድ ነው የሚመልሱኝ። እርስዎን ወዴት ይመልሱዎታል?»

አፈርኩ። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ እንኳ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። «አብራር ደህና ናት?» አልኳት።

«ደህና ናት። አረፋ ካለፈ ወዲህ ስልክ ቤት አልሄድም ብላለች። እናቴ ብትለምናት፣ ብትቆጣት፣ እምቢ አለች።» ከዚያ በሱዳኖቹ ቋንቋ «ማለሽ» አለች፣ «ምንም አይደል፣ ልጅ ናት።»

በማግስቱ ጂብሪል ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። እስክጨርስ ብዕሩን ይዞ ሰማኝ።

«ያኔ ለምን ዝም አልክ?»

«ያባርሩኛል ብዬ ነው፣ ኡስታዝ።»

«ባባርርህ ይህን መክበስ ማን ይጠግንልኛል?» አለ። የምሩን ነበር የገረመው። «ካንተ ሌላ ማን ያውቀዋል? ከደመወዝህ ትንሽ እቆርጥ ነበር፣ ኻላስ፣ በዚያው ያበቃል። ለሷም እፈርም ነበር። እሷ አጠፋሁ ስላለች ነው እንጂ ወረቀቷ እዚህ ተሞልቶ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ሥራው ሰው አለበት። ሰውየው ምን አጠፋ?»

እውነቱን ነው፤ ሰውየው ያጠፋው ነገር የለም። ማሽኑም ከዚያ ወዲህ ቆሞ አያውቅም።

ጂብሪል ያለኝን ለሬሕማ መንገር ነበረብኝ። ሁለት ጊዜ ካፉሪ ድረስ ሄጄ ስለ ሙቀቱና ስለ መብራት መጥፋት አውርተን ሳልነግራት ተመለስኩ። በሁለት ሺ ስምንት ጠቅልላ አገሯ ልትገባ ወሰነች፤ አብራር አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። ሻንጣዋን ተሸክሜ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘኋት። ከተሳፈረች በኋላ መስኮቱን ከፍታ ወደኔ ጎንበስ አለች።

«ጋሼ ተድላ፣ እንኳን ያኔ አላባረሩዎት» አለችኝ።

«አሜን» አልኳት።