እህቴ ሳትሞት የተተከለ ድንኳን

ያን ጊዜ ኮልፌ ውስጥ ሰው የሞተበት ብቻውን አይቀርም ነበር። ጥሩምባ ይነፋል፤ ከዚያ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ እንስራው፣ ማገዶው ደጃፉ ላይ ይከመራል። ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ወንዶቹ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። እስከ ሠልስቱ ድረስ የእድሩ ሰዎች ከሐዘንተኛው ጋር በተራ ይቀመጣሉ። ተራውን ያጓደለ ይቀጣል። ጣልያን ገብቶ፣ ሰብሰብ ብሎ ማውራት በሚያስጠረጥርበት ዘመን እንኳ ለቅሶ አልተከለከለም።

እኔ ግን በሕይወት ያለች እህት ነበረችኝ።

እኩዮቿ ውሃ መቅዳት በጀመሩበት እድሜ እሷ ገና ደግፈው ካላስቀመጧት አትቀመጥም። እጅና እግሯ ግትር ብለው ይጠማዘዛሉ፤ አንገቷ አይጸናም፤ ቃል አታወጣም። ትስቃለች ግን። አህያ ሲያናፋ ትስቃለች፤ ሰው ሲያስነጥሰው ደግሞ ትንፋሿ እስኪያጥር ትስቃለች። አባቴ ጣልያን ሲመጣ ዘምቶ አልተመለሰም። እናቴ በጅማ መንገድ ዳር ላለው የጣልያን ካምፕ ልብስ ታጥባለች፤ እኔ መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ እፈልጣለሁ። ጎህ ሲቀድ ሁለታችንም እንወጣለን። እህቴ ወደ ምድጃው እንዳትንከባለል እናቴ በመቀነቷ ወገቧን ከምሰሶው ጋር አስራት ትሄዳለች።

ያልሄድንበት የለም። ጸበል ወሰድናት፤ አጥማቂው ሱባኤ ይዛችሁ እዚሁ ሰንብቱ አሉን፤ እኛ ሰንብተን ማን ያብላን? ወጌሻው በቅቤ አሽቶ አሽቶ፣ «አጥንቷስ ደኅና ነው፣ የኔ ሥራ አይደለም» አለ። የጣልያኑ ሐኪም የዓይኗን ቆብ ገልጦ አየና አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው፣ «ሌላ ልጅ ውለዱ ይላል» አለን። ሐኪሙ እንዲያ ይበል፣ አስተርጓሚው ከራሱ ያምጣው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። እኔ መንገዱን ሙሉ ጥርሴን ነክሼ ሄድኩ።

እናቴ ፈውስ ነበር የምትፈልገው። እኔ ያንን ትቼዋለሁ። እኔ የምፈልገው እኛ ስንወጣ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ነው፤ ሌላ አይደለም። ድንጋይ ስፈልጥ ውዬ ያሰብኩት ይህንኑ ነው፦ እድሩ ለሞተ ሰው ተራ ማውጣት ካወቀበት፣ ለእህቴስ ተራ ማውጣት ምን ይከብደዋል? አንድ ቤት አንድ ቀን ቢቀመጥ፣ ያው ቤት ዳግመኛ ተራ የሚደርሰው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ዛፍ ሥር ሲሰበሰብ ተነሥቼ ተናገርኩ። የእድሩ ዳኛ ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ እድር የቆመው ለሞት ነው» አሉ።

«አውቃለሁ አባባ። በሕይወት ላለ ሰውም ይሁን ነው የምለው።»

«በሕይወት ላለማ እግዜር አለለት።»

ሰዉ ሳቀ። ከኋላ አንዱ፣ «ግጥም ደርድርላትና ትተኛለች!» ብሎ ጮኸ፤ በየወረቀቱ እየጻፍኩ ለሰው እንደማነብ ያውቃሉ። ሌላዋ ሴት ከንፈሯን መጠጠችና፣ «እግዜር ይገላግላት» አለች። በደግነት ነው ያለችው። እኔን ያቃጠለኝም ደግነቷ ነው።

ዳኛው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስማ፣ ለቅሶ ነው ብለን ነው የሚተዉን። ያለ ሬሳ ስንሰበሰብ ቢያዩን አመፃችሁብን ብለው ይለቅሙናል። ተቀመጥ» አሉኝ። ውሸት አልነበረም። ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የሰፈራችን ጥሩምባ ሲነፋ ሰማሁ። ማን ሞቶ ይሆን እያልኩ ወደ ቤታችን ስታጠፍ ድንኳኑ እኛ ደጅ ላይ እየተተከለ አየሁ። ወንዶቹ ካስማ ይመታሉ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይደቃሉ።

ገፍቼ ገባሁ። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣለች። እህቴ ጭኗ ላይ ናት፤ ዓይኗ ተከፍቶ እኔን ታያለች።

እናቴ ከካምፕ ስትመለስ መቀነቱ ከእህቴ ወገብ ተንሸራቶ አንገቷ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቷ ጠቁሮ አገኘቻት። የእናቴን ጩኸት የሰማችው ጎረቤታችን፣ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀለች የምታወራ ባል የሌላት ሴት፣ ሮጣ ገባችና ልጅቷ እናቷ ክንድ ላይ ዝልፍልፍ ብላ አየች። ሁለተኛ አላየችም፤ «ወይኔ ልጄን!» እያለች ወጣች። ጥሩምባ ነፊው ቤቱ ከእኛ አጥር ማዶ ነው። ጥሩምባው ሲነፋ እህቴ ስትስል ነበር፤ እናቴ እሷን ስታሻሽ ወጥቶ የሚነግራቸው አልነበረም።

ዳኛው ገቡ። አዩዋት። አየቻቸው።

«ይቺ ናት የሞተችው?»

«አልሞተችም ጌታዬ» አለች እናቴ።

«ታዲያ ጥሩምባውን ማን አስነፋው?»

ጎረቤታችን ከበሩ ሥር፣ «እኔ ነኝ፤ ዓይኔ ይፍሰስ» አለች።

«እውነትም ይፍሰስ! በሕይወት ያለን ሰው ታስለቅሺናለሽ? ሟርት ነው! ንቀሉ ድንኳኑን!»

ካስማው ገና አንዱ ሳይነቀል አንድ ባንዳና አንድ ነጭ ወታደር ከመንገዱ ወረዱ። ባንዳው አለንጋውን በእጁ እያሻሸ፣ «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሰው?» አለ።

ዳኛው ኮፍያቸውን አወለቁ። «ለቅሶ ነው ጌታዬ።»

«ማን ሞተ?»

«የዚች ሴት ልጅ። ከቀብር መመለሳችን ነው።»

ድንኳኑ ሲተከል የተነሣው አቧራ ገና አልበረደም ነበር። ወታደሩ አፍንጫውን ያዘ፤ ከዚያ ኃይለኛ ማስነጠስ አስነጠሰው። ከቤት ውስጥ እህቴ በሳቅ ፈነዳች።

ባንዳው አንገቱን አዞረ። ያን ጊዜ ጎረቤታችን እንደዚያ ያለ ጩኸት ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ድንኳኑን የሚቀድ ለቅሶ ለቀቀች። ሌሎቹም ተከተሏት። እህቴ በሳቀች ቁጥር እነሱ ይጮኻሉ፤ በጮኹ ቁጥር እሷ ይብስባታል። ወታደሩ ጆሮውን ይዞ ወደ መንገዱ ተመለሰ።

ባንዳው ሲሄድ፣ «እስከ መቼ ነው ይሄ?» ብሎ ጠየቀ።

«እስከ ሠልስቱ» አሉ ዳኛው።

«በየቀኑ አልፋለሁ። ካለቀ በኋላ ተሰብስባችሁ እንዳላይ።»

ከሄዱ በኋላ ዳኛው ላባቸውን እየጠረጉ ወደ እናቴ ገብተው፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ጉድ ሠራሽን!» አሉ።

እናቴ እህቴን አቅፋ ተነሣች። ከዚያ በፊት ለእሳቸው ቀና ብላ ስትመልስ አይቻት አላውቅም። «እኔ ጥሩምባ አልነፋሁም ጌታዬ። እርስዎ ግን እስከ ሠልስቱ ብለዋል። ድንኳኑን ቢያነሡት ነገ ያ ሰውዬ ምን ይላል?»

አንዱ ሽማግሌ ጢማቸው ውስጥ ሳቁ። ዳኛው ግን አልሳቁም። «ተቀመጡ» ብለው አዘዙ።

እንዲህ ሆኖ ተቀመጡላት። በማግስቱ እናቴ፣ ሐዘንተኛዋ፣ በጓሮ አጥር ሾልካ ልብስ ልታጥብ ሄደች። እህቴ ከጭን ወደ ጭን ስትዞር ዋለች። መቀነቱን ማንም አልነካው። ሴቶቹ ንፍሮውን አድቅቀው በጣታቸው አጎረሷት፤ ቶሎ ከሰጧት እንደሚያንቃት፣ አገጯን ደገፍ ሲያደርጉላት እንደምትውጥ ራሳቸው ደረሱበት። ጥሩምባ ነፊው ጥሩምባውን በጨርቅ ወትፎ ቀስ ብሎ «ጡጥ» ሲያደርግላት ከሳቅ ብዛት ምራቋ ጥብቆውን አራሰው። «ይቺማ ባለጌ ናት!» እያለ ደገመላት። «እግዜር ይገላግላት» ያለችው ሴት ጠጉሯን ሠራቻት። ዳኛው እንኳ ማንም ያላያቸው ሲመስላቸው በቅል ውሃ ያዙላት።

እኔ ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እየተናደድኩ ነበር። ይችሉበታል፤ ያለ አንድ ጭቅጭቅ ይችሉበታል። ማን መቼ እንደሚመጣ፣ ማን ማንን እንደሚተካ ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። እሑድ ዛፍ ሥር የለመንኳቸው ይህንኑ ነበር።

በሠልስቱ አመሻሽ ላይ ከሥራ ስመለስ ድንኳኑ ወረደ። አግዳሚው ተቆጥሮ በየትከሻው ወጣ። ዳኛውን መንገድ ላይ ደረስኩባቸው።

«ነገ ማን ይመጣል አባባ?»

«ነገ የምን?»

«ነገ ከእሷ ጋር ማን ይቀመጣል?»

ቆመው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ክፋት አልነበረም። «ልጄ፣ ሠልስቱ ወጣ እኮ። ከዚህ በላይ ምን ይደረግ? እንዲያውም እግዜር አያድርገውና አንድ ነገር ብትሆን እንዴት እንደምንቀብራት ጭንቅ ሆኖብኛል። ለባንዳው ቀብረናታል ብያለሁ።»

«ለመቅበሩ ነው የሚጨነቁት?»

«ለእሱማ ነው የተሾምኩት» አሉኝና ሄዱ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እናቴ መቀነቱን አንስታ ቆመች፤ እህቴ አንገት ላይ ያለው ሰንበር ገና አልጠፋም። አታስራት አትተዋት ነገር ጨንቋት ሳለ ጎረቤታችን በሩን ገፋ አድርጋ ገባች፤ ጥጥና እንዝርቷን ይዛለች። «ቤቴ ይበርዳል፣ እናንተ ጋ ልፍተል» አለች። እናቴ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል፣ «ተይ እባክሽ፣ ይረፍድብሻል!» ብላ አባረረቻት።

ከዚያ ወዲህ እየመጣች ትፈትላለች። ስትታመም አትመጣም። ረቡዕ ገበያ ስለምትወጣ አትመጣም። ሰዎች፣ «እንዴት ያለች ደግ ሴት እግዜር ሰጣችሁ!» ይሉናል። ደግ ናት። እኔ ግን የለመንኩት ደግ ሰው አልነበረም፤ ተራ ነው የለመንኩት፤ አንዱ ቢታመም ሌላው የሚተካበት።

ረቡዕ ረቡዕ እናቴ እህቴን አዝላ ወደ ካምፑ ትወርዳለች። እያደር መክበዷ አልቀረም። ዳኛው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ሲያዩን ብድግ ይላሉ፤ ለእናቴ ይነሡላታል።

«እግዜር ያበርታሽ ልጄ» ይሏታል።

«አሜን» ትላለች እናቴ ጎንበስ ብላ።

እኔ አሜን አልልም። ከኋላ ሆኜ የእህቴን እግሮች ከፍ አድርጌ እይዛለሁ፤ እያደገች ስለሆነ የመንገዱን ድንጋይ መንካት ጀምረዋል።