አሥራ አራተኛው ጆንያ

ደጃፌ ላይ፣ ሰው ሲገባ እግሩን የሚያሳርፍበት፣ መሐሉ የጎደጎደ ጥቁር ድንጋይ አለ። ክረምት ሲሆን ውኃ ያቁርና ዶሮዎች ይጠጡበታል። የልጅ ልጆቼ ለዶሮ ተብሎ የተጠረበ ይመስላቸዋል። ወፍጮ ነው፤ በእጅ የሚፈጭበት። እዚያ ያኖርሁት እኔ ነኝ። በደርግ ጊዜ፣ በመብራት የሚሠራ ወፍጮ ወደ ቀበሌያችን የመጣ ሰሞን፣ ከጓዳዬ ነቅዬ እያንከባለልሁ አወጣሁትና ደጃፌ ላይ ቀበርሁት። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ልረግጠው ብዬ ነው። ስንት ዘመን አስጎንብሶኛልና ይበለው አልሁ።

መፍጨት የጀመርሁት ቁመቴ ከወፍጮው መደብ ሳይደርስ ነው። እናቴ ከእግሬ ሥር ግንድ አድርጋልኝ ነበር። ባል ሳገባ አብሮኝ የመጣው ነገር ቢኖር የመዳፌ ቆዳ መድረቅና የወገቤ ሕመም ነው። እና ያ በመብራት የሚሠራው ወፍጮ፣ እኔ ከጧት እስከ ማታ ጎንበስ ብዬ የማልጨርሰውን እህል፣ ከጎረቤቴ ጋር ስለ ልጆቿ ተጫውተን ሳንጨርስ ዱቄት ሲያደርገው ባየሁ ጊዜ አለቀስሁ። ሴቶቹ ሁሉ እንደኔ ናቸው። አንዷ ወፍጮዋን የልብስ ማጠቢያ አደረገችው። ሌላዋ መጁን፣ ማለት በእጅ የሚገፋውን የላይኛውን ድንጋይ፣ የጋን ክዳን መጫኛ አደረገችው።

ወፍጮው አንድ፣ ሰፈሩ ብዙ ስለሆነ ግን ጠብ መጣ። አንዷ ጆንያዋን ሌሊት አምጥታ ታስቀምጣለች፣ ሌላዋ ገፍታ የራሷን ታስቀድማለች። በመጨረሻ የሴቶች ማኅበር ተሰብስቦ ወረፋ ጠባቂ ይመረጥ ተባለና እኔን መረጡኝ። አንደኛ በመሠረተ ትምህርት ፊደልና ቁጥር ለይቻለሁ። ሁለተኛ የገዛ እህቴን ጆንያ ከፊት አንስቼ ከኋላ ያደረግሁ ሰው ነኝ፤ እህቴ ለዚያ ነገር አንድ ክረምት ሙሉ ቤቴን አልረገጠችም። ጠመኔ ሰጡኝ። በየጆንያው ላይ ቁጥር እጽፋለሁ፣ በቁጥሩ ይፈጫል፣ አለቀ።

አንድ ደንብ ደግሞ ራሴ አወጣሁ። የወፍጮው ድንጋይ ሽታ ይይዛልና በርበሬ የሚፈጨው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ሰኞ ጧት ሰውየው ጥቂት በቆሎ ለቆበት ድንጋዩን ያጸዳና ወደ ጤፍ እንመለሳለን። ሰውየው የምለው ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰውን ነው፤ ከዱርቤቴ የመጣ፣ ቅንድቡ ሁልጊዜ ነጭ የሆነ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር።

ከቤታችን ጀርባ መሪጌታ ነበሩ። ከጣና ሐይቅ ዳር ካለው ደብር ዜማ ያስተምሩ ነበር። ወፍጮው በመጣ በጥቂት ዓመቱ ታመው ዐረፉ። ባለቤታቸው ከኔ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት ናቸው፤ እሜቴ ነበር የምላቸው። መሪጌታ ከማረፋቸው በፊት አንድ ነገር ብቻ አደራ ብለዋቸዋል። ተማሪዎቼ በአርባዬ ጠግበው ይሂዱ፣ ሌላ አልሻም ነው ያሏቸው። ተማሪ ማለት በየደጁ ቁራሽ ለምኖ የሚያድር ነውና፣ መምህራቸው ሁልጊዜ ይኸ ነገር ያንገበግባቸው ነበር።

አርባው ቅዳሜ ይውላል። ጠላው አስቀድሞ ተጠንስሷል። የቀረው ጤፉ ነው፤ አንድ ጆንያ ሙሉ። ለቅዳሜ እንዲቦካ ግፋ ቢል ረቡዕ መፈጨት አለበት። እሜቴ ማክሰኞ ጆንያቸውን አስመጡና እንደ ሰው ሁሉ ከመጨረሻው አኖሩት። አሥራ አራት ብዬ ጻፍሁበት።

ረቡዕ ረፋድ ላይ አሥራ ሦስተኛው ሊያልቅ ሲል የቀበሌው አብዮት ጠባቂ መጣ። ጠመንጃውን አንግቶ፣ በእጁ የተቀነጠሰ በርበሬ ጢም ብሎ የሞላበት የወተት ዱቄት ጣሳ ይዟል። ሽታው መንገዱን ሙሉ ሲያስነጥሰው መምጣቱ ከዓይኑ ያስታውቃል። ሊቀመንበሩ ከላይ የመጡ እንግዶች አሉባቸው፣ አሁኑኑ ይፈጭ ተብሏል አለና ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠኝ። ፊደል በፊደል እየለቀምሁ ጮክ ብዬ አነበብሁት። ሴቶቹ ሳቁ። ከኋላ አንዷ፣ «ጓድ፣ ጠመንጃው በርበሬው እንዳያመልጥህ ነው?» አለችው።

እኔ አልሳቅሁም። በርበሬ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው አልሁት። ደንቡ ለሌላው ሰው ነው አለኝ። እንግዲያውስ ይኸ ሁሉ ሰው ሌላ ነው ብዬ መለስሁለት። ሄጄም ከወፍጮው አፍ ፊት እጄን ዘርግቼ ቆምሁ። በዚህ መሐል አሥራ ሦስተኛው አለቀ። ወፍጮ ባዶውን ከዞረ ድንጋይ ድንጋዩን ይበላዋልና፣ ሰውየው ነገራችን እስኪያልቅ ብሎ ሞተሩን አጠፋው። ቤቱ ጸጥ አለ።

እሜቴ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ተነስተው ነጠላዬን ሳብ አደረጉኝ።

«ተይ ልጄ፣ ይፈጩለትና ይሂድ። አንድ ጣሳ ነው።»

«የመሪጌታ ተዝካር በርበሬ በርበሬ ሊል ነው፣ እሜቴ?» አልኋቸው።

እሜቴ ተመልሰው ተቀመጡ።

ክርክሩ ምን ያህል እንደቆየ በሰዓት አላውቀውም። ስንጀምር በመዝጊያው የገባችው ፀሐይ ከደፉ ላይ ነበረች። ስንጨርስ ከሚዛኑ እግር ደርሳለች። አብዮት ጠባቂው በማኅተም መጣ፣ በእንግዶቹ መጣ፣ በመጨረሻ ስምሽን እመዘግባለሁ አለኝ። መመዝገቢያ ግን አልያዘም። ጠመኔዬን አወጣሁና በራሱ ጣሳ ላይ ስሜን ጻፍሁለት። ከነአባቴ ነው፣ እንዳትሳሳት አልሁት። ቆሞ ጣሳውን አየ፣ እኔን አየ፣ አስነጠሰውና ሄደ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዷ ትከሻዬን ሳመችኝ። ልዋሽ አልፈልግም፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰውየው የእሜቴን ጆንያ አነሳና ከወፍጮው አፍ ገለበጠው። ማብሪያውን ሲጫነው ሞተሩ ጮኸ። ከታች ሁለት እፍኝ የማይሞላ ዱቄት ወረደ። ከዚያ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ፤ ሞተሩን ከድንጋዩ የሚያገናኘው ቺንጋ ሁለት ጊዜ ጠፍ ጠፍ አለና ቆመ። መብራት ሄደ አለች አንዷ። ይመጣል አለች ሌላዋ። ተቀመጥን። ከወፍጮው አፍ ውስጥ የቀረውን ጤፍ በእጃችን እየዘገንን ወደ ጆንያው መለስን። ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ወጥታ እስክትጠፋ ድረስ ተቀመጥን። በተከራከርንበት ጊዜ ያች አንድ ጣሳ ተፈጭታ የእሜቴም ጆንያ ባለቀ ነበር ብሎ የተናገረኝ ሰው የለም። ሁሉም ግን እያሰበው ነበር፤ እኔም ጭምር።

የት ተበላሸ፣ መቼ ይመጣል፣ የሚያውቅ ሰው አጣን። ሽቦ ተበጥሷል የሚል አለ፣ ምሰሶ ወድቋል የሚል አለ። እሜቴ መብራት ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ እንደሚመጣ መሪጌታ ነግረዋቸው ነበርና፣ ውኃው ደርቆ ይሆን ብለው ጠየቁኝ። ያሳፍራል፣ ግን ሄጄ አየሁ። እስከ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ጣና በዳሩ የበቀለውን ደንገል እስከ ወገቡ ሸፍኖ ሞልቷል። ዓባይም እንደ ወትሮው ከሐይቁ እየወጣ ይሄዳል፣ ምንም አልጎደለበትም። ተመልሼ ውኃው እንዳለ ነው አልኋቸው። ታዲያ ምን ሆነ አሉኝ። ከአብዮት ጠባቂ ጋር መከራከር እችላለሁ፤ ጆሮ አለው፣ ያፍራል፣ ይናደዳል። ከሽቦ ጋር ምን ብዬ ልከራከር? የማንን ነጠላ ልሳብ?

ሐሙስ ጧት ጆንያውን በጋሪ ጭነን ዘንዘልማ ሄድን። እዚያ በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ አለ ብለውናል። አለም። በሩ ግን ተቆልፎ ባለቤቱ ከጥላው ሥር ተቀምጧል። ናፍጣ ከጠፋ ሁለት ሳምንት አልፎናል ብሎ መዳፎቹን ገልብጦ አሳየን። እሜቴ ለባለወፍጮው እግዜር ይስጥልኝ አሉት። ለምን እንዳመሰገኑት እስካሁን አይገባኝም።

ቤቴ እንደደረስሁ ድንጋዩን ከደጃፌ ቆፍሬ አወጣሁት። እግር ሲረግጠው ኖሮ እንደ መስተዋት ልሟል። ልሞ አይፈጭም፤ መወቀር አለበት። የሚወቅር ሰው ግን በሰፈሩ አልቀረም፤ ማን ሥራ ይሰጠዋል? እኔው በመዶሻና በምስማር ጭርጭር አደረግሁት። መጁን ከጎረቤቴ ጋን ላይ አነሳን። ሦስት ድንጋይ ተገኘ፣ ስድስት ሴቶች ሆንን፣ እየተፈራረቅን ገፋን። ሐሙስ ከሰዓት ጀመርን፣ አርብን ሙሉ ዋልን። ያ ሕፃን ሆኜ የሠራሁት ሥራ አቃተኝ። እጄ ወዲያው ውኃ ቋጠረ። ወገቤ አልታዘዝ አለ። መጁን የምገፋበት ስልት ጠፍቶብኝ ጤፉ ሳይደቅቅ እያመለጠ ይወርዳል። አርብ ማታ ስናየው የጆንያው ሩብ እንኳ አልተፈጨም። የተፈጨውም አሸዋ አለበት፤ በጥርስ መሐል ይሰማል። ሊጡም አልቦካም። ድንጋዩን መልሼ ከደጃፌ ቀበርሁት።

ቅዳሜ ጸሎቱ ተደርሶ ሲያበቃ ተማሪዎቹ መጡ። ከሐይቁ ዳር ካሉት ደብሮች በእግር የመጡ አሉ፣ በታንኳ የተሻገሩ አሉ። መምህራቸውን ስለሚወዱ ካሰብነው በላይ መጡ። ማደሉን ለኔ ሰጡኝ፤ እሷ አታዳላም ብለው ነው። እንጀራውን አየሁ፣ ሰዉን አየሁ። መጀመሪያ ለሁለት ቆረጥሁት። አይበቃም። እንደገና ለአራት ቆረጥሁት። ካህናቱንም፣ ተማሪዎቹንም፣ ከደጅ የተቀመጡትን ችግረኞችም አንዱን ከአንዱ ሳልለይ አደረስኋቸው። ለሁሉም እኩል ደረሰው። እኩል ተራቡ።

ማንም አላማረረም። አንዱ ተማሪ የሌማቱን ባዶ ጎን ሰርቆ አየና ወዲያው ዓይኑን መለሰ። ነፍስ ይማር ብለው ተነሡ። የመጨረሻዎቹ ጫማቸውን ሲያደርጉ፣ በዚያ በብሩህ ቀን፣ ከግድግዳው ላይ ያለው አምፖል ቦግ አለ። ከቀበሌው በኩልም የወፍጮው ድምፅ መጣ። ሁላችንም ሰማነው። እሜቴ ቀና ብለው አዳመጡ። ከዚያ ሌማቱን መክደን ጀመሩ።

ወፍጮው ውስጥ መጀመሪያ የገባው ምን እንደሆነ ማታ ጎረቤቴ ነገረችኝ። የበርበሬው ጣሳ ነው፤ ስሜ ከነአባቴ እንደተጻፈበት። አብዮት ጠባቂው ደጁ ላይ ሲጠብቅ ነበር። ማንም ምንም ሊለው አይችልም። ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ ሰዓቱም ከሰዓት በኋላ ነው፤ ደንቡ የራሴ ደንብ ነው። ስንት ጊዜ ፈጀ ብዬ ጠየቅኋት። ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ሳልጨርስ አለቀ አለችኝ።

ሰኞ እሜቴ የተረፈውን ጆንያ ይዘው መጡ። አሥራ አራት የሚለው ቁጥር ገና አልጠፋም። ከርሳቸው በፊት ያሉት ሁሉ ረቡዕ ፈጭተዋልና ተራው የርሳቸው ነው። ሰውየው የአራት ቀን እህል ቤቱን ሞልቶ ሲያይ ተጣድፎ በቆሎውን ሳይለቅበት ኖሯል። የወረደው ዱቄት ቀላ ያለ ነው። እሜቴ አስነጠሳቸው። እኔም ገባኝ።

«እሜቴ» ብዬ ጀመርሁ። እኔ ቃል አጥቼ የማውቅ ሰው አይደለሁም።

እሳቸው ከዱቄቱ በሁለት ጣታቸው ቆንጠር አድርገው አሹት፣ አሸተቱት።

«መሪጌታ በርበሬ ይወዱ ነበር» አሉ።

የጆንያውን አፍ አሰሩና ጀርባቸውን ሰጡኝ፣ አሸክሚኝ ማለታቸው ነው። ከሥር ገባሁና አነሳሁላቸው። ደጃፉን አልፈው ሲሄዱ አሥራ አራቱ ከጆንያው ላይ ተፍቆ በደረቴ ቀርቶ ነበር። አራግፌው ወደ አሥራ አምስት ተመለስሁ።