ያልደረቀው ብርቱካን

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ካዛንቺስ መፍረስ ከጀመረ በኋላ መሆኑን ግን አውቃለሁ፤ አቧራው እኛ ሰፈር ድረስ፣ ቂርቆስ፣ በመስኮት ይገባ ነበር። ነገሩን ሁሉ ያመጣብኝም እሱ ነው።

ዕድሜዬን የበርና የአጥር ቀለም ስቀባ ኖርኩ። ጉልበቴ ሲደክም እጄ አርፌ ልቀመጥ አላለም። ላንቻ ሄጄ ነጫጭ የሴራሚክ ሳህን ገዛሁና ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ጽጌረዳ መሳል ጀመርኩ። ቀለሙ ከሥራ የተረፈኝ የብረት ቀለም ነው። ግድግዳ ላይ ሊሰቀል እንጂ ሊበላበት አይደለም። ፊደል በቅጡ አልቆጠርኩም፤ ብርቱካን ግን ብርቱካን ይመስልልኛል።

በዚያ ሰሞን የእድራችን ሳህኖች እኔ ቤት ነበሩ። ከሌላ እድር እቃ ጋር እንዳይቀላቀሉ ከታች ቀይ ነጥብ አድርግባቸው ተብዬ ነው። ዓይነታቸው ከእኔዎቹ ጋር አንድ ነው። ማታውን አራት ሳህን ስዬ ጨረስኩና፣ እርጥቡ ላይ አቧራ እንዳያርፍ፣ በየአንዳንዱ ላይ የእድሩን ሳህን ደፋሁበት። ደርቤም ከቀሩት የእድሩ ሳህኖች ጋር ቆለልኳቸው። እንደ ብልሃት ቆጥሬው ነበር እኮ! በነጋታው፣ እቃ ቢፈለግ ብዬ ለእድሩ እቃ ጠባቂ ቁልፌን ሰጥቻት፣ ስለ እርጥቦቹ ግን ሳልነግራት ቀለም ማቅጠኛ ልገዛ ወጣሁ።

ወደ ማታ ስመለስ ጠረጴዛው ባዶ ነው። በቅያሱ ጫፍ ድንኳን ቆሟል። አንድ ጎረቤታችን ሌሊቱን በድንገት አርፎ፣ እኔ ሳልኖር ተቀብሯል፤ የእድሩ ሴቶችም በጥድፊያ ሳህኑን ሁሉ አንስተው ሄደዋል።

እግሬ እንዴት እንዳደረሰኝ አላውቅም። ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ ትኩስ ንፍሮ ይዟል። በዓይኔ ብርቱካኔን ፈለግሁ። ሐዘን ቤት ነው፣ መጮህ አይቻል፤ ብጮህስ ምን ልበል? መርዝ አብልቻችኋለሁ?

እቃ ጠባቂዋን እጇን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኳት።

«አባባ፣ ምን ሆኑ? ፊትዎ አመድ መስሏል።»

«ሥዕል ያለባቸው ሳህኖች... ቀለማቸው አልደረቀም።»

«ኧረ በስመ አብ! እኛኮ እድሩ አዲስ የገዛ መስሎን! አንዷማ ‹ሠርግ ነው እንዴ አበባው› ብላ ስትስቅ ነበር።»

ሳትሮጥ ገባች። «ይሄ ተሰንጥቋል፣ ልቀይርልዎ» እያለች ሦስቱን ሰበሰበች። ንፍሯቸው አልተነካም። አራተኛው ከአገር ቤት ሊጠይቀው መጥቶ የነበረው የሟች ታላቅ ወንድም ጋ ነበር፤ ሙልጭ አድርጎ በልቶታል። ሳህኑን አየሁት። የብርቱካኑ ግማሽ የለም።

«እኔ ልንገረው?» አልኳት። 

«እርስዎ ይንገሩት። እኔ አብሬዎት እቆማለሁ።»

ነገርኩት። ሰውዬው ጣቱን አየ፤ ብርቱካናማ ሆኗል።

«እኔስ ቅመም መስሎኝ!» አለ። «ወንድሜን ቀብሬ በሳህን ልሞት?»

ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ሦስታችን የቀለሙን ቆርቆሮ ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። ሐኪሟ መርምራው ውሃ በደንብ ይጠጣ፣ ሆዱን ከቆረጠው ወይም ካስመለሰው ቶሎ አምጡት አለች። ይህን መስማት ለእኔ ማረፊያ አልሆነኝም። እስኪቆርጠው መጠበቅ ማለት ነው እንግዲህ።

ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም ማለት ይቻላል። ስልክ በጮኸ ቁጥር የእሱን መርዶ የሚያረዱኝ ይመስለኛል። ወደ ድንኳኑ ብቻዬን መሄድ ፈራሁ፤ ወንበሩ ባዶ ቢሆንስ? እሷ ግን ጠዋት ጠዋት በሬን ታንኳኳለች።

«አባባ፣ ይነሱ። ሄደን እንየው።»

አንደኛው ቀን ተቀምጧል። ሁለተኛው ቀን ወንበሩ ላይ የለም፤ የድንኳኑን ምሰሶ ያዝኩ። ለካ ሽንት ቤት ሄዶ ነው። «ሆድዎን ነው?» ብዬ ጮህኩበት። «ውሃ ጠጣ ጠጣ ብላችሁ ገደላችሁኝ እንጂ ሆዴስ ደኅና ነው» አለኝ። ሦስተኛው ቀን ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ተሳፈረ። በሳምንቱ ደውሎ ደኅና ነኝ አለ።

ያን ጊዜ ነው የተነፈስኩት። ለማንም አልተናገረችብኝም፤ ብቻዬንም አልተወችኝም። ያሻገረችኝ እሷ ናት፣ የእድራችን እቃ ጠባቂ።