ይህን ሠራዊት የት ላድርገው?

እናቴ ነገ ከደሴ እኔ ጋ ኮምቦልቻ ልትመጣ ነው፤ እኔ ደግሞ ሳሎኑን ከሞላው የፕላስቲክ ሠራዊት ጋር ትግል ይዣለሁ። ለጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ አንድ በአንድ ቀለም የቀባኋቸው፣ ጣት የማያህሉ ወታደሮች ናቸው። ሳጥን ውስጥ ስደረድራቸው የያዙት ጦር ይቀነጠሳል፤ ሳጥኑ ሲሞላ ሌላ ክምር ይተርፋል። እርር ድብን ስል ያየችኝ ባለቤቴ ከሱቅ ባዶ የሲኒ ካርቶን አመጣችልኝ። ስከፍተው ከሥር የቀረው ጭድ ሸተተኝ።

ልጅ ሳለሁ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አያቴ ሲኒ የሚሸጡበት ሱቅ ጓዳ ውስጥም ይኸው ሽታ ነበር። አንድ ቀን እዚያ ከጭቃ የሠራኋቸውን ፈረሰኞች ደርድሬ ስጫወት፣ አያቴ ታጥበው፣ ዉዱእ አድርገው ለቀትሩ የዙህር ሶላት ገቡ። መስገጃቸውን እንደያዙ ቆሙ።

"አላህ ያሳድግህ፣ እነዚህ እኮ ዓይን አላቸው። ዓይን ያለው ምስል ፊት አልሰግድም።"

"አባባ፣ እንዳይሰብሯቸው!" ብዬ አለቀስሁ።

"ማን ይሰብራል? የልጅ ልፋት ነው!"

ቁጭ ብለው እያንዳንዱን ልክ እንደ ሲኒ በጭድ ጠቅልለው ካርቶን ውስጥ አስተኙልኝ። ሰግደው ሲጨርሱ አወጣናቸው፤ የአንዱም ፈረስ ጆሮ አልተሸረፈም።

እናቴም እንደ አባቷ ናት። የምትሰግድበት ቦታ ደግሞ ይኸው ሳሎን ብቻ ነው።

ካርቶኑ ሞላ። ግማሹ ሠራዊት ገና ጠረጴዛው ላይ ቆሞ፣ ትንፋሼን ይዤ በቀጭን ብሩሽ በሣልሁለት ዓይን ያፈጥብኛል።