ባለ ሁለት ክሌፍ ክራር

የሺአረግ ከልጅነቷ ጀምሮ ጠያቂ ናት። ጠያቂ ስላችሁ ዝም ብላ የምትጠይቅ እንዳይመስላችሁ፤ መልሱን እስክታገኝ ሰው የምታደርቅ ናት። አባቷ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ዘጌ ላይ ድጓ ሲያስተምሩ ከተማሪዎቹ ጀርባ ትቀመጥና ከፊደሉ በላይ የተደረደረውን የዜማ ምልክት ታያለች። አንድ ቀን ታዲያ፣ «አባባ፣ ምልክቱ ከፍ በል፣ ዝቅ በል ይላል። ከየት እንደሚጀመር ግን የት ነው የተጻፈው?» አለቻቸው። መሪጌታ ሳቅ ብለው፣ «ከመሪው ጉሮሮ» አሏት። ለሌላ ልጅ ይኼ መልስ ይበቃ ነበር። እሷ ግን አርባን አልፋም ያቺን ጥያቄ አልለቀቀቻትም።

ዛሬ ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። የልደት ምስክር ወረቀት ታባዛለች፣ የሠርግ ጥሪ ትጽፋለች፣ መታወቂያ በላስቲክ ታሽጋለች። ጎን ለጎን ደግሞ ለሙዚቀኞች ኖታ ትጽፋለች። ተማሪ ሳለች በማርሽ ባንድ ትራምፔት ትነፋ ስለነበር ኖታውን እዚያ ለምዳዋለች። የኮምፒዩተሩን የኖታ ፕሮግራም ግን ማንም አላስተማራትም፤ እየነካካች፣ እያበላሸች ነው ያወቀችው። ጎረቤቶቿ «መስመር ላይ ዝንብ የምታሰፍረዋ» ይሏታል። ይበሏታ!

ኖታ ከምትጽፍላቸው ሰዎች እንደ ጋሽ ቢያዝን የምትወደው የለም። የይፋግ ሰው ናቸው፤ ስድሳን ተሻግረዋል፤ በአንድ የባህል ቡድን ውስጥ ቤዝ ክራር ይመታሉ። ቤዝ ክራር ትልቁ ክራር ነው፤ አመታቱ ያው የክራር ሆኖ ድምፁ ወፍሮ ከታች ከታች የሚሄድ። ቡድኑን የሚመራው ቃለ ሕይወት የሚባል ወጣት ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ቸኩሎ ነው የተወለደው። ሐይቁ ዳር ለሚቀርበው ትርኢት ዘፈኑ ስለበዛበት፣ ሁሉም ሰው የሺአረግ የጻፈችውን ኖታ እያነበበ ይጫወት አለ።

ጋሽ ቢያዝን ደግሞ ኖታ የሚባል ነገር አያውቁም። ክረምቱን ሙሉ ዝናቡን ችለው እየመጡ፣ ከፎቶ ኮፒው ማሽን አጠገብ ተቀምጠው ከየሺአረግ ተማሩ። ለጣታቸው እንዲቀል ብላ እንደ ትንሹ ክራር አድርጋ ጻፈችላቸው፤ ይቺ ነጥብ ይቺ ክር፣ ያቺ ነጥብ ያቺ ክር። መስከረም ሲጠባ ማንበብ ቻሉ። ደስታቸው ልክ አልነበረውም፤ ለባለቤታቸው ሳይቀር ወረቀቱን ዘርግተው አነበቡላቸው።

ከዚያ የመጀመሪያው ልምምድ መጣና ሁሉ ነገር ተበላሸ።

«የሺዬ፣» አሉ በማግስቱ ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው፣ «የተጻፈውን መታሁ። አንዲት ሳላጎድል የተጻፈውን መታሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።»

«ቃለ ሕይወት ምን አለ?»

«የቅዳሜውም ልምምድ እንዲህ ከሆነ ቤዝ ጊታር የሚጫወት ልጅ አመጣለሁ አለ። ‹ጋሼ፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ› አለኝ፣ በትሕትና። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ማለት ይኼ አይደል? ዕድሜ ልኬን የመታሁትን ክራር በስተርጅና ላስቀምጠው?»

የሺአረግ አዘነች። ይሁንና ከሐዘኗ ጉጉቷ ቀደመ፤ ምን ይደረግ፣ እንዲህ ናት። እኒህ ሰው እሷ ቤት አጥርተው ያነበቡትን እዚያ ሲሄዱ ምን ነካቸው? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብላ ክራሩን እንዲያወጡ ለመነቻቸው። በፊት የክረምቱን ወረቀት ሰጠቻቸው። እንደ ውሃ አወረዱት። ቀጥላ ልምምዱ ላይ የታደለውን የዚያኑ ዘፈን ወረቀት ሰጠቻቸው። ሌላ ዘፈን ሆነ፤ ዘፈን ከተባለ።

እንግዲህ ወረቀቱን ትታ ጣታቸውን ማየት ጀመረች። ጣታቸው አልተሳሳተም። ባስተማረቻቸው መሠረት ነጥቡ ሂዱ ያላቸው ክር ላይ ነው የሚያርፈው። ያኔ ዓይኗን ወደ መስመሩ ራስ መለሰች።

በኖታ መስመር ራስ ላይ ክሌፍ የምትባል ምልክት ትቀመጣለች። የትኛው መስመር የትኛው ድምፅ እንደሆነ የምትናገረው እሷ ናት። ለቀጭን ድምፅ አንዷ፣ ለወፍራም ድምፅ ሌላዋ ትደረጋለች፤ ክሌፏ ከተለወጠች ያው ድምፅ ሌላ መስመር ላይ ይሰፍራል። ቃለ ሕይወት መሪ ስለሆነ የሁሉም መሣሪያ ኖታ በአንድ ላይ የተጻፈበት ትልቅ ወረቀት አለው፤ እሱ የሚፈልገው ድምፁ እንደሚሰማው ተጽፎ ማየት ነው። የቤዝ ክራሩ ነጥቦች ከመስመሩ በታች ተንጠልጥለው አስቸገሩኝ ሲላት፣ የሺአረግ የወፍራሙን ክሌፍ አደረገችለት። ፕሮግራሙ ሆዬ፣ ሳይጠይቃት የጋሽ ቢያዝንንም ወረቀት አብሮ ለወጠው።

«ጋሼ፣ ይቺ ምልክት ሌላ መሆኗን አላዩም?»

«አየሁ እንጂ። የፊተኛዋ ሰልችታሽ ሌላ ጌጥ ያደረግሽ መስሎኝ።»

ሳቋ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ አፈረች። ክረምቱን ሙሉ ስታስተምር ሌላ ክሌፍ መኖሩን ትንፍሽ አላለችም። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች።

«የማንም ይሁን፤ ቅዳሜ ግን መምጣቱ አይቀርም» አሉ ጋሽ ቢያዝን።

የድሮዋን ክሌፍ ስትመልስ የጋሽ ቢያዝን ወረቀት ይስተካከልና የቃለ ሕይወት ይበላሻል። የእሱን ስታቃና የእሳቸው ይጠማል። ለሁለት ሰው አንድ ጋቢ ሆነባት፤ አንዱን ስታለብስ የሌላው እግር ይራቆታል።

በመካከል ሳክስፎን ትዝ አላት። ሳክስፎን ነፊው በወረቀቱ ላይ የሚያየውና ከመሣሪያው የሚወጣው ድምፅ አንድ አይደለም፤ የእሱ ወረቀትና የመሪው ወረቀት ተመሳስለው አያውቁም። የትልቁ ሳክስፎን፣ የባሪቶኑ፣ እንዲያውም ክሌፉ ሳይቀር ይለያያል። ታዲያ ፕሮግራሙ ለሳክስፎን የሚያውቀውን ለክራር ምን ከለከለው? ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል አሉ። የባሪቶን ሳክስፎኑን ማስተካከያ ከፍታ ገባች። ለካ ለክሌፍ ሁለት ቦታ ኖሯል! አንዱ ድምፁ እንደሚሰማው ሲጻፍ፣ ሌላው ተጫዋቹ እንደሚያነበው ሲጻፍ። ከሥሩ ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በቁጥር የሚሞላበት ቦታ አለ። ስንት ዓመት በአጠገቡ እያለፈች ነክታው አታውቅም።

ክራሩን የሳክስፎን ካባ አለበሰችው። ለመሪው የወፍራሙን ክሌፍ፣ ለጋሽ ቢያዝን የለመዷትን፣ ርቀቱን ደግሞ በክራሩ ልክ ሞላችና አተመች። ጋሽ ቢያዝን መነጽራቸውን አድርገው ራስጌውን ሲያነቡ ፊታቸው ጠቆረ።

«ባሪቶን ሳክስፎን ይላል። ከአሁኑ ሰው ተካችሁብኝ?»

«የእርስዎ ነው ጋሼ። ስሙን ይተዉት፣ ነጥቡን ያንብቡ።»

ቅዳሜ ደረሰ። የሺአረግም ላፕቶፗን ይዛ ሄደች፤ የሥራዋን ውጤት ሳታይ መቅረት አይሆንላትም። ዘፋኟ ሳዲያ፣ የጀልባ ሠሪው ልጅ፣ ጉንፋን ይዟት ጉሮሮዋ ተዘግቶ መጣች። «ዝቅ አድርጉልኝ፣ አይወጣልኝም» አለች። ቃለ ሕይወት ራሱን ያዘ፤ ዘፈኑ ዝቅ ካለ የሁሉም ወረቀት ሊለወጥ ነው። ጋሽ ቢያዝን ግን ክራራቸውን አቅፈው፣ ሳዲያን ዝቅ አድርጋ እንድታንጎራጉር ነግረው፣ በእሷ ድምፅ ልክ ክሩን አላሉት። ክራር መቺ ድሮም የሚያደርገው ይኼንኑ ነው።

የሺአረግ ጣታቸውን አየች፤ ከዚያ ያቺን ቁጥር አሰበች። ዘፈኑን በሙሉ ዝቅ አደረገች፣ የክራሩንም የርቀት ቁጥር በዚያው ልክ አስተካከለች፣ በባጃጅ ሱቋ ሄዳ አትማ ተመለሰች። ቃለ ሕይወት ወረቀቱን ለየባለቤቱ ሲያድል አንድ ጎደለበት።

«የጋሽ ቢያዝንስ?»

«የእሳቸው አልተለወጠም።»

«እንዴት አይለወጥም?»

«ጣታቸው ያው ነው። የተለወጠው የሳዲያ ጉሮሮ ነው።»

ቃለ ሕይወት ዞሮ ከጋሽ ቢያዝን ጀርባ ቆመ። የእሱን ወረቀት ከእሳቸው ጋር አስተያየ፤ ክሌፉም ነጥቡም አይገናኝም። «እስቲ እንስማው» አለ። ጀመሩ። ወፍራሙ ድምፅ ከሳዲያ ድምፅ ሥር ገብቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተሸከማት። ዞሮ ያየ ሰው አልነበረም። የሺአረግ እዚያው ቆማ አባቷን አሰበች፤ የመሪው ጉሮሮ የሚጻፍበት ቦታ ይኸው ተገኘ፣ ምነው በነበሩና ባሳየኋቸው አለች፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ።

ሲያበቁ ቃለ ሕይወት ስለ ጊታሩ ልጅ አላነሣም። «ጋሼ፣ የትርኢቱ ዕለት ወደ ፊት ቀረብ ብለው ይቀመጡ፤ ከኋላ ሆነው አይሰሙም» አለ ብቻ።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ቢያዝን ሱቋ መጡ። «ያን የሳክስፎን ስም አንሺልኝ» አሏት። የሺአረግ የመሣሪያዎቹን ስም ዝርዝር ከዱሮም በአማርኛ ጽፋዋለችና፣ ካባውን አውልቃ «ቤዝ ክራር» ብላ መዘገበችው። ጋሽ ቢያዝን መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው የኮምፒዩተሩን መስታወት እየነኩ ዝርዝሩን ወረዱ። ባሪቶን ሳክስፎን። ቤዝ ክራር። ቤዝ ጊታር።

«ከጊታሩ በፊት ነው ያስቀመጠኝ» አሉ።

«በፊደል ተራ ነው ጋሼ። ክ ከጊ ይቀድማል።»

«ይቅደም። ከቦታዬ ካላነሣኝ ይበቃኛል» አሉና፣ ክራራቸውን አንሥተው ወደ ልምምዳቸው ሄዱ።